የዊንታ ጥንቸል ማደሪያ

መርሳ፣ ጥቅምት 13 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለውድ ባለቤቴ ለሃረገወይን፣

ጤናሽ እንዴት ነው? ልጃችን ዊንታስ? እኛ ደህና ነን፤ ጥንቸሏም በሕይወት አለች። ይህን ያስቀደምኩት መጀመሪያ የምትፈልጊው እሱን እንደሆነ ስለማውቅ ነው። ስልኬን አላነሳ ስላልሽኝ ደብዳቤውን በሚኒባስ ሾፌሩ በወልዴ እጅ ሰድጄዋለሁ።

«ለጥንቸሏ ደህና ማደሪያ ካላዘጋጀህ ዊንታ ቅዳሜ አትመጣም» ብለሽ ጥንቸሏን በካርቶን ስትልኪያት ነገሩ ቀላል መስሎኝ ነበር። እማዬ ግን ካርቶኑን ከፍታ ስታይ አማተበች። «ይች እርኩስ ደጄን አትረግጥም» አለች። ጥንቸሏን ስላቀፍኩም ከእጄ ውሃ እንኳ አልቀበልም አለችኝ። ምን ላድርግ? ከግቢው ጥግ፣ ከማሽላው አጠገብ፣ እንደ ዶሮ ቤት አድርጌ በአገዳ ሠራሁላት። ቆጥ ሳይቀር አበጀሁላት። አትሳቂብኝ።

ዛሬ ጠዋት ብሄድ የአገዳውን ግድግዳ በልታ ወጥታለች። ለካ ቁርሷን ነው የሠራሁላት። ማሽላው ውስጥ ከገባች አበቃ፣ አትገኝም። የጎረቤት ውሻ ደግሞ ከአጥሩ ማዶ ቆሞ ያያታል። ስጠጋት ትርቃለች፣ ስቆም ትቆማለች። እውነቴን ነው የምልሽ፣ ዊንታ ራሷ ከእጄ የምትወጣ መሰለኝ።

በዚህ መሀል እማዬ ከቤተክርስቲያን ስትመለስ ከማሽላው ጫፍ ብቅ አለች። ነጠላዋን አውልቃ ጣለችባትና ጠቅልላ ደረቷ ላይ ያዘቻት። እኔ አፌን ከፍቼ ቀረሁ።

«ምን ያስፈጥጥሃል?» አለችኝ። «ነጠላው ይታጠባል። ልጂቱ የቀረች እንደሆነ ምን ይዋጠኝ?»

አሁን በጣውላና በሽቦ እንደገና እየሠራሁት ነው። እማዬም አጠገቤ ቆማ «ይኼ ምስማር ላልቷል፣ ድገመው» እያለች ታዝዘኛለች። ነገ ያልቃል።

ዊንታን ግን ብቻዋን አሳፍረሽ አትላኪያት፤ አንቺው አምጫት። ከወልድያ መርሳ ቅርብ እንደሆነ አላጣሁትም፣ ጠዋት መጥተሽ ለምሳ ትመለሻለሽ። ቢሆንም መንገድ አይታወቅም። ምናልባት ቢመሽብሽ፣ አልጋሽን ማንም አልተኛበትም።

መድኃኔዓለም ሁለታችሁንም በሰላም ያምጣልኝ።

ባለቤትሽ ሙላቱ