የሽንት ቤት አከራዩ የአቶ ታምሩ ሀንዲሶ የሕይወት ታሪክ

አቶ ታምሩ ሀንዲሶ ከአባታቸው ከአቶ ሀንዲሶ ሎምቤሶና ከእናታቸው ከወይዘሮ ፈለቀች ኤርጫፎ በ1956 ዓ.ም. በጥር ወር፣ ከሆሳዕና ከተማ በእግር ግማሽ ቀን በሚወስድ የገጠር መንደር ተወለዱ። ቀኑን በትክክል የሚያውቅ የለም። እናታቸው በሕይወት ሳሉ ሲጠየቁ «እንሰት እየፋቅን ነበር» ከማለት ሌላ አይጨምሩም ነበር።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ እዚያው አካባቢያቸው እስከ ስድስተኛ ክፍል ተማሩ። ከዚያ በላይ ያልሄዱት ጭንቅላት አጥተው ሳይሆን አባታቸው ድንገት ስላረፉ ነው። በ1974 ዓ.ም. አንድ ብርድ ልብስ ይዘው ወደ ሀዋሳ መጡ፤ አርባ ሦስት ዓመት እዚህችው ኖሩ። በመጀመሪያ ድንጋይ ተሸከሙ፣ ቀጥለው ለግንበኛ ጭቃ አቀበሉ፣ በአምስት ዓመት ውስጥ ራሳቸው ግንበኛ ሆኑ። በዚህች ከተማ እጃቸው ያላረፈበት ሰፈር የለም። ይህን የምንለው ለማጋነን አይደለም፤ በባጃጅ በሄድን ቁጥር «ያንን ግንብ የሠራሁት እኔ ነኝ»፣ «ያንን ደረጃ እኔ ነኝ» እያሉ አድክመውናል።

በ1985 ዓ.ም. አንድ ፎቅ ሲሠሩ ከባለቤታቸው ከሮማን ጋር ተገናኙ። ሮማን በባሬላ አሸዋ የምታመላልስ የቀን ሠራተኛ ነበረች። በዚያ ሳይት አርባ የሚሆን ሰው ይውላል፤ ሽንት ቤት ግን አልነበረም። ወንዶቹ ግንብ አያጡም። ሴቶቹ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ይይዙታል፤ እንዳይቸገሩም በዚያ ፀሐይ ውሃ ሳይጠጡ ይውላሉ። አንድ ቀን ሮማን አላስችል ሲላት ባሬላውን ጥላ ሄደች። ሦስት ቤት አንኳኩታ በአራተኛው ተከፈተላት። ስትመለስ ፎርማኑ «የት ጠፍተሽ ነው? ነገ እንዳትመጪ!» አላት። እሷም አፏን አትይዝምና የት እንደሄደች በአርባ ሰው ፊት ነገረችው። ሰው ሁሉ ሳቀ። ታምሩ አልሳቁም።

በማግስቱ ሠራተኛ ሳይገባ ቀድመው መጥተው ከጥግ ጉድጓድ ቆፈሩ፤ በአሮጌ ቆርቆሮና በሲሚንቶ ከረጢት ከለሉት፤ በሩ ላይ በከሰል «ለሴቶች» ብለው ጻፉ። ሮማንንም «አትቅሪ፣ ፎርማኑን እኔ አናግረዋለሁ» አሏት። ሌላው ወንድ ለሴት የሚሰጠው ሌላ ነው፤ እሳቸው የሰጡት ይህንን ነው። በ1987 ዓ.ም. በቤተ ክርስቲያን ቃል ኪዳን ገብተው ተጋቡ። በ1989 ኢያኤልን፣ በ1993 ክብሩን ወለዱ።

በ1998 ዓ.ም. ሕይወታቸውን የቀየረውን ሥራ ጀመሩ። አንድ ብየዳ ቤት ሄደው በላሜራ የተሠራ፣ ከሥሩ በርሜል ያለው፣ ተጭኖ የሚሄድ ሽንት ቤት አሠሩ። በያጁ ሱቅ መስሎት «ምን ልትሸጥበት ነው?» አላቸው። ምን እንደሆነ ሲነግሩት ሥራውን አቁሞ ሳቀ። ሕንፃ ተቋራጮች ዘንድ ሲሄዱም «ይሄ ሁሉ ሜዳ እያለ ሽንት ቤት በኪራይ? ሰውዬ፣ ጤና አለህ?» ተባሉ። ሜዳው እንዴት እንደሚሸት ግን ሁሉም ያውቀዋል።

መጀመሪያ ነገሩ የገባቸው ቤታቸውን የሚያሳድሱ ሰዎች ናቸው። ሴራሚክ ለመቀየር ብሎ የራሱን ሽንት ቤት ያፈረሰ ሰው በሁለተኛው ቀን ይገባዋል። አንዱ ለሌላው እየነገረ ኪራዩ ተለመደ። በ2009 ዓ.ም. ሰማያዊ የፕላስቲክ ሽንት ቤቶች ከአዲስ አበባ አስመጡ፤ ቀስ በቀስም አሥራ አንድ ደረሱ። ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ ሽንት ቤቶቹን በአይሱዙ መኪናቸው የሚያመላልሱት ጎረቤታቸው አቶ ሰኢድ ነበሩ። ሁለቱ አሥራ አምስት ዓመት አብረው ሠርተው አንድ ቀን አልተኳረፉም። የሚያጥቡት ታምሩና ሮማን ናቸው፤ በጓንት፣ በበረኪና፣ አፍንጫቸውን በፎጣ አስረው።

ይህ ሥራ ቀላል የሚመስለው ካለ ተሳስቷል። የፍሳሽ መኪናው «ነገ እመጣለሁ» ብሎ አራት ቀን ይቀራል፤ በአራተኛው ቀን ስልክ የሚደወለው ታምሩ ጋ ነው፤ የሚሰደቡትም እሳቸው ናቸው። አንዱ ሳይት ሲሚንቶ ያስቀምጡበታል። ሌላው ሳይት ዘበኛው ፍራሽ ዘርግቶበት ተገኘ። አንድ ፎርማን ደግሞ በራሱ ቁልፍ ቆልፎ «የኢንጂነሩ ነው» አለ፤ ሠራተኞቹ ግንቡ ጥግ ይሄዳሉ፣ ሽንት ቤቱ እንደ አዲስ ያብረቀርቃል! ታምሩ ብረት መቁረጫ ይዘው ሄደው ቁልፉን ቆረጡት። ከዚያ ወዲህ በአሥራ አንዱም ላይ የቁልፍ ማንጠልጠያውን ነቅለው ከውስጥ መቀርቀሪያ ብቻ አስቀሩ።

ሰፈሩ «ታምሩ ሽንት ቤት» አላቸው። ኢያኤል ተማሪ ሳለች በዚህ ስም ተሰድባ አልቅሳ መጣች። ታምሩ በማግስቱ ስልክ ሲደወልላቸው ልጃቸው እየሰማች «አቤት፣ ታምሩ ሽንት ቤት ነኝ፤ ምን ልታዘዝ?» አሉ። እስከ መጨረሻው እንደዚያ ብለው ነው ስልክ ያነሱት። ልጆቹ በዚህ ጽሑፍ ላይ «በግል ንግድ ተሰማርተው» ተብሎ እንዲጻፍ ጠይቀው ነበር። አልተጻፈም። ሁለቱም ተምረው የተመረቁት በዚያ ሥራ ነው።

አሁን ወደ ዕድሩ እንምጣ፤ ሳይነገር አያልፍም።

አቶ ታምሩ ከ1990 ዓ.ም. ጀምሮ እዚሁ ሀዋሳ፣ በአዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ የሰፈራችን ዕድር አባል ነበሩ። ዕድራችን ድንኳን አለው፣ መቶ ሃምሳ ወንበር አለው፣ ድስቱና ጭልፋው ተቆጥሮ አለው። ሽንት ቤት የለውም። ሰው ሲሞት ሁለት መቶ ለቀስተኛ ሦስት ቀን ይቀመጣል፤ ሽንት ቤቱ ያው የሟች ቤተሰብ አንዲት ሽንት ቤት ናት። ጎረቤት እንዳይኬድ ጎረቤት ሁሉ ቤቱን ቆልፎ ለቅሶ ላይ ነው። ትልልቅ እናቶች ሻይ ሲቀርብላቸው «ይቅርብኝ፣ ጠጥቻለሁ» ይላሉ። አልጠጡም። ሮማን ታውቃለች፤ ከባሬላው ጊዜ ጀምሮ ታውቀዋለች።

በ2012 ዓ.ም. ታምሩ በዕድሩ ስብሰባ ላይ ተነስተው ለየለቅሶው ሁለት ሽንት ቤት ያለ ኪራይ ልስጥ አሉ። የዕድሩ ሊቀመንበር ጋሼ ፍቅርተማርያም «ታምሩ፣ ሐሳቡ ደግ ነው። ግን ሐዘንተኛ ደጅ ላይ ሽንት ቤት ከመኪና ሲወርድ ሰው ምን ይላል?» አሏቸው። ታምሩም «ጋሼ፣ ሰው ምን እንደሚል እኔ አላውቅም። ምን እንደሚያደርግ ግን ከድንኳኑ ጀርባ ያለውን አጥር ሄደው ይዩት» ብለው መለሱ። ተሳቀ፤ ወደ ሌላ አጀንዳ ታለፈ።

በ2014 ለፍቼ፣ ለሲዳማ ዘመን መለወጫ በዓል፣ ስምንቱን ሽንት ቤት ጉዱማሌ አደባባይ ወስደው ተከሉ። ሕዝቡ ተሰልፎ ሲጠቀም ጋሼ ፍቅርተማርያምም ከሰልፉ ውስጥ ተገኙ። ታምሩ በደስታ «ጋሼ፣ እርስዎ ቀድመው ይግቡ» ብለው አስገቧቸው። ሲወጡ «እንግዲህ ለዕድሩስ?» ቢሏቸው «ይሄማ በዓል ነው፣ ለቅሶ ሌላ ነው» አሉ። እጃቸውን እየታጠቡ ነው ይህን ያሉት።

በ2015 ዓ.ም. ታምሩ የፕሮስቴት ሕመም ያዛቸው። በየሃያ ደቂቃው መሄድ ግድ ሆነባቸው። በዚያው ዓመት ለሦስተኛ ጊዜ ዕድሩን ለመኑ። ስለ ሕመማቸው አልተናገሩም፤ ስለ ሌላው ሰው ነው የለመኑት። አሁንም «ይታሰብበት» ተባለ።

በ2016 ዓ.ም. አቶ ሰኢድ አረፉ። ታምሩ የወንድማቸውን ያህል አዘኑ። ሮማን «ፈቃድ አልጠይቅም» ብላ አንዱን ሽንት ቤት በዚያው በሰኢድ አይሱዙ አስጭና ሄደች። የዕድሩ አስተናባሪዎች ወደ ለቅሶ ቤቱ መታጠፊያው ላይ ቆመው «ሳይፈቀድ አይወርድም» አሉ። መኪናው እዚያው ቆመ፤ ታምሩም ድንኳን ውስጥ መቀመጥ ስላልቻሉ ጋቢና ውስጥ ተቀመጡ። በሁለተኛው ቀን ሴቶቹ ወሬውን ሰምተው እየዞሩ መምጣት ጀመሩ። ነጠላቸውን እየሰበሰቡ አይሱዙ ላይ ይወጣሉ፣ ታምሩ ወርደው እጃቸውን ይዘው ያወርዷቸዋል። «ታምሩ፣ እግዜር ይስጥህ፤ ግን ከዚህ ላይ ብወድቅ ለቅሶው ሁለት ይሆናል» ያሉ እናትም ነበሩ። ሦስት ቀን እንዲህ ሆነ። ሦስት ቀን ሙሉ የሰኢድን ልጆች አጠገባቸው ተቀምጠው አላጽናኑም። በዕድሩ መዝገብ ላይም በስማቸው ትይዩ ሦስት ጊዜ «ቀሪ» ተብሎ ተጻፈ።

ታምሩ በሕይወታቸው ብዙ ተስቆባቸዋል፤ አንዱንም ቤት ይዘው ገብተው አያውቁም። ያንን «ቀሪ» ግን ይዘው ገቡ። እስከ አልጋቸው ድረስ ተከተላቸው። ስለዚህ በዚህ ጉባኤ ፊት ይነገር፤ አቶ ታምሩ ሀንዲሶ ከሰኢድ ለቅሶ አልቀሩም። መታጠፊያው ላይ ነበሩ።

ሕመማቸው እየጠና ሄዶ በሐኪም ሲረዱ ቆይተው ሰኔ 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ፣ በ61 ዓመታቸው፣ በቤታቸው በጌታ አንቀላፉ። ከማረፋቸው በፊት ሮማንን አንድ ነገር ለመኗት። «የኔ ለቅሶ ላይ አንድም ሰው አጥር ጀርባ እንዳይሄድ» አሏት። ሌላ ኑዛዜ የላቸውም።

ትናንት ድንኳኑ ሲተከል ጋሼ ፍቅርተማርያም መጥተው ሁለቱን ሰማያዊ ሽንት ቤቶች በሩ ላይ አዩ። «ሮማን፣ ዕድሩ እኮ አልወሰነም» አሉ። ሮማንም «ዕድሩ ካልወሰነ ድንኳኑን ይዞ ይሂድ፤ እነዚህ አይነሱም። እኛ ፀሐይ ላይ እንቀመጣለን» አለቻቸው። ጋሼ ወደ ሰማያዊዎቹ ዞሩ። ሽማግሌ ናቸው፣ ከሰባ አምስት ዓመት በላይ ናቸው፤ ከጠዋት ጀምሮ ቆመው ነበር። በኋላ ቀስ ብለው «ውሃ አለው?» አሏት።

«አለው፤ ሳሙናም አለው።»

ከዚያ ገቡ። ሲወጡ መዝገቡን አስመጥተው፣ ቆመው እንዳሉ፣ ሦስቱንም «ቀሪ» በእስክሪብቶ ሰረዙ። ይህ ዛሬ የሚነገረው እሳቸውን ለማሳፈር አይደለም። ታምሩ ይህንን ሳያዩ ስላለፉ፣ ያላዩትን እናንተ እንድትሰሙላቸው ነው። አንድ ዓመት ቀድሞ ቢሆን ምን ነበረበት? ይህንንም ሳንል አናልፍም።

ቤተሰቡ ሁለቱን ሽንት ቤቶች ለዕድሩ ሰጥቷል። ከድስቱና ከወንበሩ ቀጥሎ ይመዝገቡ። እንደማንኛውም ዕቃ ታጥበው ይመለሱ፤ ማጠቡን የማያውቅ ካለ ሮማን ታሳያለች።

አቶ ታምሩ ባለቤታቸውን ወይዘሮ ሮማንን፣ ልጆቻቸውን ኢያኤልንና ክብሩን፣ የልጅ ልጃቸውን ሃሴትን፣ እንዲሁም ወንድምና እህቶቻቸውን ትተው አልፈዋል። በሕመማቸው ጊዜ ላስታመማችሁ፣ ዛሬም ከሩቅ ከቅርብ ለመጣችሁ ሁሉ እግዚአብሔር ብድራችሁን ይክፈል። ከቀብር መልስ ወደ ቤት ስትመጡ ከድንኳኑ በስተግራ ነው። ቁልፍ የለውም፤ ማንም ሳይጠይቅ ይግባ። ሻይ ሲቀርብላችሁም ጠጡ።

ታምሩ ሰው ደጅ ላይ ሲንገላታ ማየት አይችሉም ነበር። ጌታም በሩን ሳያስጠብቅ ይክፈትላቸው።