ሚዛኑ ያልነገራቸው፦ የእትዬ ሚዛን የሕይወት ታሪክ

እትዬ ሚዛን ከአናጢ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው በ1945 ዓ.ም. ተወለዱ። የተወለዱት ከአባታቸው የእንጨት ሥራ ቤት ጀርባ ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ ነው። አልጋውም፣ የእናታቸው የስፌት መኪናም፣ ቀለማቸው እስኪደርቅ የሚጠብቁ ወንበሮችም በዚያችው ክፍል ተጣበው ይኖሩ ነበር። ለወላጆቻቸው የመጀመሪያ ልጅ ሲሆኑ፣ ብቸኛ እህታቸው የእኔ፣ የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ፣ እናት ነበሩ። እናቴ በልጅነቴ ስላረፉ ያሳደጉኝ እትዬ ሚዛን ናቸው። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ውስጥ አድልዎ ብታገኙ ይቅርታ አልጠይቅም፤ እርሳቸው ግን አድልዎ አይወዱም ነበር።

ለትምህርት ሲደርሱ በሰፈራቸው ትምህርት ቤት ገብተው እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ተምረዋል። በሒሳብ የሚስተካከላቸው አልነበረም። በስፌት ግን እናታቸውን እስከ መጨረሻው አሳፍረዋል፤ እርሳቸው የሰፉት ቁልፍ ከሰዓት በኋላን አይቶ አያውቅም ይባል ነበር። በ1964 ዓ.ም. የፖስታ ሥራ ሥልጠና ወስደው በጥቅል ክፍል ተቀጠሩ፤ ጡረታ እስኪወጡም ከዚያ ክፍል አልወጡም።

የጥቅል ክፍሉ ምድር ቤት ነበር። ረጅም ባንኮኒ፣ የሲባጎ ጥቅል፣ የማሸጊያ ሰም የሚቀልጥባት ትንሽ ምድጃ፣ በመሐል ደግሞ ቁመቱ ሰው የሚያክል የብረት ሚዛን ነበረበት። እትዬ ሚዛን በሩ ከመከፈቱ በፊት መመዘኛ ብረቱን አስቀምጠው ሚዛኑ ትክክል መሆኑን ሳያዩ ሥራ አይጀምሩም። መጠሪያቸውም ከዚሁ የመጣ ነው። ከባዱን ከረጢት ወንዶቹ እስኪመጡ አይጠብቁም፤ አቅፈው ያነሱት ነበር። ጥቅል የሚታሸገው በላኪው ፊት ተከፍቶ ከታየ በኋላ ስለሆነ፣ ለአዲስ ሠራተኛ የሚያስተምሩት የመጀመሪያ ነገር ይህ ነበር፦ «ሚዛን ስንት እንደሆነ ይነግርሃል እንጂ ምን እንደሆነ አይነግርህም። ካልከፈትከው አታውቀውም።» ይህን አባባል አደራ አትርሱት። የተናገሩት ራሳቸው የረሱበት ዘመን መጥቶ ነበርና።

ከባለቤታቸው ጋር የተዋወቁትም በዚያው ባንኮኒ ነው። ባለቤታቸው የአውቶቡስ ሹፌር ነበሩ፤ ተሳፋሪ ከእንቅልፉ ሳይነቃ አውቶቡስ ማቆም ስለሚችሉ ጋሼ ፍሬን እባላለሁ ብለው ይኮሩ ነበር። ለእናታቸው ሊልኩ ያመጡት ጥቅል ከተፈቀደው በላይ ከበደ። «ቤት መዝኜዋለሁ» ብለው ተከራከሩ። «የቤትዎ ሚዛን ቤትዎ ይቆይ፤ የኔ ይኸው» ተባሉ። ጋሼ ፍሬንም ጥቅሉን ሦስት ቦታ ከፍለው ሦስት ቀን ተመላለሱ። በሦስተኛው ቀን ጥቅሉ ውስጥ ከአንድ ጥንድ ካልሲ በቀር ምንም አልነበረም። በ1969 ዓ.ም. ተጋብተው አንዲት ሴትና አንድ ወንድ ልጅ አፍርተዋል። እኔን ሲጨምሩ ሦስት ነን ይሉ ነበር።

በ2000 ዓ.ም. በክብር ጡረታ ወጡ። ነገር የተበላሸው ከዚያ ወዲህ ነው። ከረጢት ማንሳት ቀረ፤ ሶፋና ቴሌቪዥን መጡ። ሲወፍሩ ማንም ምንም እንዳይላቸው ቀድመው «ሆድና ግንባር አይሸሸግም» እያሉ ራሳቸው ይስቁ ነበር።

በ2006 ዓ.ም. ጋሼ ፍሬን ፊታቸውን እየታጠቡ ሳለ ስትሮክ መታቸው። ቀኝ ጎናቸው አልታዘዝ አለ፤ ንግግራቸው ተጎተተ፤ ቀልዳቸው ግን ደህና ነበር። ከዚያ ወዲያ ከአልጋ ወደ ወንበር፣ ከወንበር ወደ መጸዳጃ ቤት፣ ከዚያም ወደ መስኮቱ የሚያነሷቸው እትዬ ሚዛን ሆኑ። የጥቅል ክፍሉ ክንድ ገና አልከዳቸውም ነበር። የሚያስቸግራቸው ደረጃው ነው። ቤታቸው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ሊፍት የለውም። ከታች ካለችው አትክልት ነጋዴ ሁለት ፌስታል ገዝተው ሲወጡ በየፎቁ ቆመው ያለከልካሉ። ሐኪማቸው መርምረዋቸው እንዲህ አሏቸው፦ «ስኳርዎም ግፊትዎም ከፍ ብሏል። በዚህ ከቀጠሉ እርስዎ ይቀድማሉ። ያኔ እሳቸውን ማን ያነሳል?»

ሐኪሙ ለማስደንገጥ ያህል ተናግረውት ሊሆን ይችላል። እትዬ ሚዛን ግን ከዚያ ቀን በኋላ ሌላ ጥያቄ አልነበራቸውም። ልጆቻቸው አባታቸው ወደ አረጋውያን መንከባከቢያ ይግቡ ባሉ ቁጥር መልሳቸው አንድ ነበር፦ «እኔ ማንሳት እስከቻልኩ ድረስ የትም አይሄድም።»

ክብደት መቀነሱን እንደ ፖስታ ቤት ሥራ ያዙት። ሚዛን ገዝተው መተላለፊያው ላይ አኖሩ። ትክክል መሆኑን ለማረጋገጥ ጠዋት ጠዋት አንድ ኪሎ ስኳር እላዩ ላይ ያስቀምጡ ነበር፤ ያ ስኳር ለሻይ ሳይደርስ ዓመት ሞላው። መጀመሪያ እራት ቀረ፣ ቀጥሎ ቁርስ ቀረ፣ ምሳም የጎመን ሾርባ ብቻ ሆነ። እንቁላልና ወተት ያወፍራሉ ተብለው ከቤት ወጡ። በዓመት ሃያ ኪሎ ቀነሱ። ዘመድ ሁሉ አጨበጨበ። አትክልት ነጋዴዋ «እትዬ፣ ሙሽራ ሆኑ እኮ!» አለች። ቀሚሶቻቸውን ያጠበቡት ልብስ ሰፊው ጎረቤታችን የተረፈው ጨርቅ ሌላ ሰው ያለብሳል ብለው ቀለዱ። እውነቱን ለመናገር ስኳሩም ግፊቱም ወርዶ ነበር፤ ደረጃውንም ሳያርፉ ይወጡት ጀመር። ሐኪሙ አልተሳሳቱም። ነገር ግን እትዬ ሚዛን የጠርሙስ ክዳን ሰው ማስከፈት ጀምረው ነበር። ከሶፋ ሲነሱም የሶፋውን ክንድ ጨብጠው ነው። ይህን ሁላችንም አይተን እርጅና ነው አልን።

በ2008 ዓ.ም. ሰኔ ወር ላይ፣ ባለቤታቸውን ከመታጠቢያ ቤቱ ወንበር ሲያነሱ ክንዳቸው ዛለ። ሁለቱም ወደቁ፤ እርሳቸው ከታች ሆኑ። ጋሼ ፍሬን በደህናው እጃቸው ግድግዳውን ሲደበድቡ ልብስ ሰፊው የስፌት መኪናቸውን አቁመው ሰሙ፤ በር ሰብረውም ገቡ። እትዬ ሚዛን መጀመሪያ የተናገሩት «እሱን አንሱት» የሚል ነበር። ጋሼ ፍሬንን ጭረት እንኳ አልነካቸውም። የእርሳቸው የእጅ አንጓ ግን ተሰበረ።

በሳምንቱ ጋሼ ፍሬን መንከባከቢያ ገቡ። እትዬ ሚዛን በጄሶ የታሰረ እጃቸውን ይዘው አብረው ሄዱ፤ ብቻቸውን ተመለሱ። የቤታቸውን በር ከፍተው መተላለፊያው ላይ ያለውን ሚዛን ሲያዩ ቁጭ ብለው አለቀሱ። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» አሉኝ። ከዚያ በፊት ሲያለቅሱ አይቻቸው አላውቅም ነበር።

በመንከባከቢያው አንዲት የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ነበረች። እትዬ ሚዛን ባለቤታቸውን ወደ ቤት መመለስ እንደሚፈልጉ ሲነግሯት አልመዘነቻቸውም። እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ከተቀመጡበት እንዲነሱ ብቻ ጠየቀቻቸው። ወንበር በሚሠራበት ቤት ተወልደው ያደጉት ሴት ከወንበር መነሳት አቃታቸው። ባለሙያዋም «ከሃያ ኪሎው ስቡ ብቻ አይደለም የሄደው፤ ጡንቻዎም አብሮ ሄዷል። በዚህ ዕድሜ ምግብ ብቻ ቆርጠው ሰውነትዎን ካላሠሩት እንዲህ ያደርጋል» ብላ አስረዳቻቸው። እርሳቸው «ሳልከፍተው አሸግኩት በይኛ!» አሉ። እርሷ አልገባትም፤ እኔ ግን ገባኝ።

እንቁላሉም ወተቱም ምስሩም ወደ ቤት ተመለሱ፤ ስኳሩ ባለበት ቀረ። ጄሶው ከተፈታ በኋላ ውሃ የሞሉ ጠርሙሶች ማንሳት ጀመሩ። ከወንበር መነሳትን የጀመሩት ሁለት ትራስ ደርበው ከፍ ካለ ቦታ ነው፤ ቆይቶ አንዱ ትራስ ወጣ፣ ሌላውም ወጣ። ይህን ሁሉ የሚሠሩት በመንከባከቢያው ኮሪደር ባለቤታቸው ፊት ነበር። ጋሼ ፍሬን ሚስታቸው ግማሽ ተነስተው ሲቀሩ እያዩ «ማርሽ ቀይሪ!» ይሏቸዋል። ባለሙያዋ ሳቃቸውን ሰምታ ጋሼ ፍሬንንም ከሚስታቸው ጎን አስቀምጣ ታሠራቸው ጀመር። ለእትዬ ሚዛን ከሃያው ኪሎ የተወሰነው ተመለሰላቸው። አትክልት ነጋዴዋ «እትዬ፣ ተመለሰብዎ እንዴ?» ብትላቸው «የራሴው ነው፤ አስመልሼው ነው» ብለዋት አለፉ።

ልጆቻቸው አባታቸው ወደ ቤት እንዲመለሱ የተስማሙት እናታችን ሲያነሷቸው በዓይናችን እንይ ብለው ነው። ይህን ስላሉ አልወቅሳቸውም፤ ወላጅ መታጠቢያ ቤት ወለል ላይ ወድቆ መገኘቱን መስማት ቀላል አይደለም። እትዬ ሚዛን በባለቤታቸው ወገብ ላይ ቀበቶ አሰሩ፤ እግራቸውን ከፈት አድርገው ፊት ለፊት ቆሙ፤ «በል፣ አብረን» አሉ። ጋሼ ፍሬን በደህናው እግራቸው ገፍተው፣ እርሳቸው በቀበቶው ይዘው፣ አብረው ተነሱ። ሴት ልጃቸው ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። በ2009 ዓ.ም. ጋሼ ፍሬን ቤታቸው ገቡ።

ከዚያ በኋላ ያሉት ዓመታት ገነት ነበሩ አልልም። ድካም ነበረ፣ ንጭንጭ ነበረ፣ ሁለቱ ተኮራርፈው እኔ የማስታርቅበት ሳምንትም ነበረ። ነገር ግን አብረው ነበሩ፤ እትዬ ሚዛን የፈለጉትም ይህንኑ ነው።

በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ በደንብ እየበሉ፣ ልምምዳቸውንም ሳያቋርጡ፣ ሚዛኑ መውረድ ጀመረ። ሰው እንደገና አደነቃቸው። የጨው ገደል ሲናድ ሞኝ ይልሳል፣ ብልህ ያለቅሳል እንደሚባለው፣ አትክልት ነጋዴዋ «አሁንማ አማረብዎ!» ስትል እትዬ ሚዛን አልሳቁም። «ይሄኛውን እኔ አላዘዝኩትም» አሉኝና ራሳቸው ተነስተው ሆስፒታል ሄዱ። የቆሽት ካንሰር ነበር፤ ተሰራጭቷል። ከሆስፒታል እንደተመለሱ ሚዛኑን ለአትክልት ነጋዴዋ ሰጧት። ድንችን እንጂ ሰውን በደንብ አይመዝንም አሉ፤ ምን ማለታቸው እንደሆነ አልጠየቅኳቸውም።

የሚያስጨንቃቸው ሞት አልነበረም። ሞት ያስፈራቸው እንደሆነ ቢያንስ ለእኛ አልነገሩንም። የሚያስጨንቃቸው «እሳቸውን ማን ያነሳል?» የሚለው የሐኪሙ የድሮ ጥያቄ ነበር። ስለዚህ የቀራቸውን ጉልበት ያዋሉት ባለቤታቸው ያለ ማንም ድጋፍ እንዲነሱ ማሠልጠን ላይ ነው። ከአልጋቸው ሆነው «እኔን አትይ፤ እግርህን ወደ ኋላ ሰብስብ፤ አፍንጫህን ከእግር ጣትህ አሳልፍ» ይሏቸዋል። አንዳንዱን ቀን ይሳካል፣ አብዛኛውን ቀን አይሳካም። ጋሼ ፍሬን አንድ ጊዜ ምርኩዛቸውን ወርውረው፣ አንቺ በሌለሽበት ቤት ለምን እነሳለሁ ብለው አለቀሱ። እትዬ ሚዛን ተቆጡ። «አልቅስ» አሏቸው፤ «ግን ቆመህ አልቅስ።»

እትዬ ሚዛን በሕክምና ሲረዱ ቆይተው የካቲት 9 ቀን 2016 ዓ.ም. በተወለዱ በሰባ አንድ ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። ከኋላቸው የሐዘን ቤቱ አባወራ የሆኑትን ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና ያሳደጉትን የእህታቸውን ልጅ ትተዋል። ጋሼ ፍሬን ከነገ ጀምሮ የት እንደሚኖሩ ገና አልተስማማንም። ለቀብር ቀን የማይሆን ወሬ ነው ትሉ ይሆናል፤ እትዬ ሚዛን ግን ያልተከፈተ ነገር ታሽጎ እንዲሄድ አይወዱም።

ላስታመማችሁ፣ ላገዛችሁ፣ በር ለሰበራችሁልን ሁሉ ብድራችሁን ፈጣሪ ይክፈልልን። ሰውን ሲያነሱ ለኖሩት ክንዶች ዕረፍት ይስጥልን፤ ነፍሳቸውን በሰላም ያኑርልን።

አሁን ለጸሎት እንነሳለን። ጋሼ ፍሬን ማንም እንዳይነካቸው ጠይቀዋል። ጊዜ ይወስድባቸዋል፤ በመጀመሪያው ላይሳካላቸውም ይችላል። እባካችሁ እጃችንን ሰብስበን እንጠብቃቸው፤ ጸሎቱ የሚጀመረው እርሳቸው ሲቆሙ ነው።