መድኃኒት ያለበት ሽሮ

ልጄ ብፅዓት፣ የለንደኑን የዊልስደንን ብርድ አምላክ ያላምድልሽ፤ እግርሽንም ይማርልሽ። እኛ ደህና ነን።

ለእግርሽ ነርቭ መድኃኒት እንደታዘዘልሽ ስሰማ፣ ኪኒን እንደማትወጂ ስለማውቅ፣ ባለፈው ሳምንት በኪዳነማርያም እጅ በላክሁልሽ ሽሮ ውስጥ ሕመምሽን እንዲያስታግስልሽ ፓራሲታሞል ፈጭቼ ጨምሬበታለሁ። ለሰፈራችን ፋርማሲስት ለዐብዱ ብነግረው ከወንበሩ ተነሣ። «ምን አደረጉ እማማ! ከነርቩ መድኃኒት ጋር አብሮ ይወሰድ ይሆናል፤ ግን ልክ አለው። ሳታውቅ ከሱቅ ሌላ ገዝታ ብትደርብበት ጉበቷን ይጎዳል» ብሎ ተቆጣኝ። አባትሽም ይህን ከሰማ ወዲህ ወጥ ባቀረብኩለት ቁጥር «ምን አለበት?» እያለ ያሸታል።

ስለዚህ ሽሮውን ጣዪው። ማስታገሻ ስትገዢም የነርቩን መድኃኒት ለፋርማሲስቱ አሳይተሽ ጠይቂ።

ቤትሽ በረከት አይጣ። ሽሮውን ለእንግዳ አቅርበሽው ከሆነ ይቅርታ ጠይቂልኝ፤ በልቶት ወገቡን የተሻለው ካለ ግን አደራ፣ ጻፊልኝ።

እናትሽ