ቁም ቢሉት የማይቆም ደንበኛ

ጥቅምት 9
ፎቶ ቤት ዋልኩ። ሁሉም ጉርድ ፎቶ። አንድ ሰውዬ ዓይኑን ሳይጨፍን አልነሳ ብሎ አደከመኝ። ከሰዓት ልጄ መጣች። ሠርጓ ጥር ላይ ነው።

"አባዬ፣ ፎቶ የሚያነሳ ሌላ ሰው ይዘናል።"

ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ከባንኩ ጎን ያለው፣ እኔ ሹሩባው የምለው ልጅ!

"ለምን?"

"አንተ ያነሳኸው ሰው ሁሉ ፖሊስ ጣቢያ የቆመ ይመስላል።"

ደህና፣ አልኳት። ደህና አይደለም። የሰውን ሙሽራ ሁሉ አንስቼ ለራሴ ልጅ አልበቃሁም?

ጥቅምት 10
አልበሞቹን አየሁ። አልዋሸችም። በልደቷ ፎቶ ላይ ዘና ያለው ኬኩ ብቻ ነው።

ጥቅምት 17፣ እሑድ
የሚንቀሳቀስ ነገር ማንሳት መልመድ አለብኝ። ሠርጉን ለሹሩባው አለቅም። ሰው ካሜራ ሲያይ ይደርቃል... ወፍስ? ከድልድዩ በታች ቦዩ ዳር ሄድኩ። ሳቢሳዎች አሉ፤ ነጭ፣ አንገተ ረጅም። አንዷ ውሃው ውስጥ ቆማለች። አቋቋሟ ያምራል። አነሳኋት። በረረች። ካሜራዬን ዝቅ አድርጌ እስክታርፍ ጠበቅኳት። ስታርፍ ደግሜ አነሳኋት።

ቤት ስደርስ ነው የገባኝ። በረራ ላነሳ ሄጄ የወፍ ጉርድ ፎቶ ይዤ መጣሁ።

ባለቤቴ አየችው። "መታወቂያ ልታወጣ ነው?" አለች።

ጥቅምት 24
ሰማይ። ሰማይ። የድልድይ ብረት። ክንፍ የሚመስል ነገር... የዛሬው ፎቶ ሁሉ ይኸው ነው። ጫማዬ ጭቃ ውስጥ ቀርቶ በስንት ትግል ወጣ። ሳላስበው ሳቢሳዋን "ቀና በይ!" ብዬ ጮህኩባት። ሄደች። አንድ ዓሣ አጥማጅ ሰምቶኝ ቦታ ቀየረ።

ኅዳር 8
አንድ ነገር ደረስኩበት። ሳቢሳ ልትነሳ ስትል ኩሷን ትጥላለች። ሁሌ ባይሆንም አብዛኛውን ጊዜ። ቀለል ልትል ይሆናል። እሱን አይቶ መጫን ነው። ደንበኞቼ ላይ እንደማይሠራ ተስፋ አደርጋለሁ።

ኅዳር 22
ወጣች! ክንፏ ሙሉ ተዘርግቶ፣ ጫፉ ውሃውን ነክቶ፣ እግሯ ወደ ኋላ ተንጠልጥሎ... ጠብታው ሳይቀር ይታያል። ደስ አለኝ። ቦይ ዳር ብቻዬን ቆሜ ሳቅኩ። ዓሣ አጥማጁ ዛሬ ጭራሽ አልመጣም።

ታኅሣሥ 3
ልጄን ጠርቼ ፎቶውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩላት። አንስታ አየችው።

"አንተ ነህ ያነሳኸው? በጣም ያምራል አባዬ።"

"በይ ሹሩባውን በቃህ በይው።"

"አልልም።"

ደሜ ፈላ። ያ ሁሉ ጭቃ ለምን ነበር?

"ፖሊስ ጣቢያ ምናምን ያልሽው..."

"እሱም እውነት ነው። ግን እስኪ ከነዚህ አልበሞች ውስጥ አንተ ያለህበትን አንድ ፎቶ አሳየኝ።"

ቀላል ነገር። ገለበጥኩ። ልደቷ፣ ምርቃቷ፣ የእናቷ እህት ሠርግ... በመጨረሻ አንዱ ላይ ጥላዬን አገኘሁ፣ መሬቱ ላይ፣ ከነካሜራው።

"ይኸው" አልኳት።

አለቀሰች። ምን አጠፋሁ?

"በሠርጌ ቀን ከጎኔ ቁምልኝ" አለች። "ያኔውኑ ብነግርህ 'ሁለቱንም እችላለሁ' ትለኝ ነበር።"

እል ነበር።

ጥር 12
ዳርኳት። ካሜራ ያልያዘ ሰው እጁን የት ያደርጋል? ኪሴ ውስጥ ከተትኩት፣ አወጣሁት። ሹሩባው ብርሃኑን ከሙሽሮቹ ኋላ አድርጎ ሲያነሳ አንድ ጊዜ ብቻ ነገርኩት። ሁለት ጊዜ። ልጄ እጄን ይዛ ወደ ጭፈራው ጎተተችኝ።

የካቲት 1
ሹሩባው ፎቶዎቹን አመጣ። አንዱ ላይ ከልጄ ጋር እየጨፈርን ነው። እሷ ጥርት ብላለች። የኔ ፊት ተደበላልቋል፣ አፌ ተከፍቷል፣ አንድ እግሬ የለም።

"ይቅርታ ጋሼ፣ ይሄኛው በስህተት ገብቶ ነው" ብሎ ሊወስደው እጁን ዘረጋ። አልሰጠሁትም።

የካቲት 4
ፎቶውን በትልቁ አትሜ የፎቶ ቤቱ መስኮት ላይ ለጠፍኩት። ከሰዓት አንዲት ደንበኛ ቆማ አየችው።

"ይሄ የተበላሸው ሰውዬ ማነው?"

"የሙሽራዋ አባት" አልኳት።