ለክንድህ ያጠረው እጅጌ

ይድረስ ለናፍቆቴ ለወንድሜ፦ ከብርዱ በቀር ምንም አልነካንምና አንተ እንደምን ሰነበትክ?

ደስ ይበልህ፣ እማዬ ተነቃቃች! ክረምቱ ከገባ ወዲህ መስኮቱ ሥር ተቀምጣ ዝም ብላ ነበር። ክርና ኪሮሽ ገዝቼ፣ ጎረቤታችንን ልብስ ሰፊዋን ጠራሁላት። አሁን ሲሳሳቁ ቤቱ ይሞቃል። ላንተም ሹራብ ሠርታልሃለች፤ እጅጌው ግን ለሰባት ዓመት ልጅ የሚሆን ነው።

ልብስ ሰፊዋ፣ «እትዬ፣ ልጅዎ እኮ ጢም አውጥቷል!» አለቻት።

«አንቺ ደግሞ! ዛሬ ጠዋት ትምህርት ቤት የሸኘሁትን ልጅ?»

ከት ብለን ሳቅን። እኔም ክሩ ገና ሞልቶ ሳለ «ክር ልገዛ» ብዬ ወጣሁ።

ትናንት ሁለተኛውን ጀመረች፤ ከፊተኛውም ያንሳል። ታዲያ ልክህን ጽፈህ እንዳትልክ፤ ክንድህን ይዘህ ና።

ብርዱ ሳይበረታ ዓይን ለዓይን ያገናኘን።

ወሬኛዋ እህትህ