ልጄ መልሳ የሰፋችው መጽሐፍ

ለእትዬ፣

መጽሐፉ እሁድ ተመለሰልኝ። ስፌቱ ተፈትቶ እንደገና ተሰፍቷል።

ጤናሽ እንዴት ነው? ጉልበትሽስ ደረጃውን እሺ አለሽ? እኔ ደህና ነኝ። ማተሚያ ቤቱም ሥራ አላጣም፤ እጄም ማጣበቂያ ማጣበቂያ እንደሸተተ ነው።

ልጄ ጭራሮ ከእናቷ ጋር መኖር ከጀመረች ወዲህ እሁድ እሁድ እንደማገኛት፣ ረቡዕ ረቡዕ ማታ ደግሞ በስልክ እንደማነብላት ታውቂያለሽ። አንድ ዓይነት መጽሐፍ ሁለት እገዛለሁ፤ አንዱ እኔ ዘንድ፣ ሌላው እሷ ዘንድ። ንባብ እንድትወድ የዘየድኩት ነገር ደግሞ የጠራዥ ዘዴ ነው፤ የእሷን መጽሐፍ ምዕራፍ በምዕራፍ ዳር ዳሩን በክር ሰፍቼ እሰጣታለሁ። በሳምንት አንድ ክር ትቆርጣለች፣ አብረን እናነባለን፣ ቀጣዩን እየጓጓች ትጠብቃለች። አንቺ ይህን ስትሰሚ፣ መጽሐፍ እንደ ሱሪ ይሰፋል እንዴ፣ የራበው ልጅ ፊት ድስት ይከደናል ወይ ብለሽኝ ነበር። ሳቅሁብሽ።

እሁድ ሽፋኑ ተገንጥሎ ልጠግንላት ስቀበላት፣ ገና ያልደረስንባቸው ምዕራፎች ክር የእኔ አልነበረም። እኔ ቋጠሮዬን ወደ ውስጥ እደብቃለሁ። ይሄኛው የጫማ ቋጠሮ ነው፤ ሁለት ጆሮ ያለው።

ጠየቅኋት። ከእናቷ ባል ጋር በሁለት ቀን ጨርሰውታል። ሰውየው ሾፌር ነው፣ ሲያነብ ይጎተታል። «ሲሳሳት የማርመው እኔ ነኝ» ስትለኝ ፊቷ በራ። ከዚያ ወዲህ ከሰፈር ልጆች እየተዋሰች ያገኘችውን ሁሉ ታነባለች አሉ፤ እራት ላይ እንኳ መጽሐፍ ይነጥቋታል። ታዲያ ለምን መልሰሽ ሰፋሽው ብላት፣ «ስታነብልኝ ደስ ስለሚልህ ነዋ!» አለችኝ።

ለካ በየረቡዑ «ውይ አባ! ከዚያስ?» የምትለኝ እያወቀች ነው።

እንድታነብ ፈለግሁ፤ አነበበች። በማን ልቆጣ?

ደግሞ ሌላ አለ። የሰውየው ሥራ ወደ ሩቅ ከተማ ተዛውሯል። ያለ እኔ ፈቃድ ልጅቷን ይዘው መሄድ አይችሉም። እናቷ ደውላ፣ አልጫንህም፣ ግን ቁርጡን ንገረኝ አለችኝ። አልጮኸችም፤ ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። እንቢ ካልኩ እሱ ብቻውን ይሄዳል፣ የተቃና ቤታቸው ይከፈላል። እሺ ካልኩ እሁድ የሚባል ቀን አይኖረኝም። ጭራሮም ራሷ፣ አባ አንተ ምን ትላለህ ብላ ዓይን ዓይኔን አየችኝ። እኔም፣ እዚያ ይበርዳል አሉ፣ ሹራብ ያስፈልግሻል አልኳት። አባት ነኝ ብዬ የመለስኩት ይህን ነው።

አንቺ ብትሆኚ ምን ታደርጊ ነበር? አውቃለሁ፣ ለራስህ ወስን ትይኛለሽ።

ትናንት የዚያ ከተማ ልጅ የሆነ የሥራ ባልደረባዬን፣ እዚያ ለልጆች የሚሆን ቤተ መጻሕፍት አለ ወይ ብዬ ጠየቅሁት። አለ አለኝ። ቅዳሜም ይከፈታል። ከአውቶቡስ መናኸሪያው ብዙም አይርቅም።

ጋሼን ሰላም በይልኝ። ፈጣሪ የዓይንሽን ብርሃን አይንሳሽ፤ ልጆችሽን ከደጅሽ አያርቅብሽ።

መልሴን የሚጠብቁት ሰኞ ጠዋት ነው።

ታናሽ ወንድምሽ