ከመሃል ወደ ዳር፦ የ«አረም ሚኒስትሯ» የሕይወት ታሪክ

ዛሬ የምንሸኛቸው እህታችን ከአናጺ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው፣ ከጡብ ፋብሪካው ጀርባ በነበረችው ባለ ሁለት ክፍል ቤት ተወለዱ። ለወላጆቻቸው ሁለተኛና የመጨረሻ ልጅ ነበሩ። በተወለዱ ዕለት ጥፍራቸው ረጅም ስለ ነበር አዋላጇ «ይቺስ መሬት ልትቆፍር ነው የመጣችው» ብላለች። ይህን የምትጽፈው ታላቅ እህታቸው ያኔ ነፍስ ያወቀች ልጅ ስለ ነበረች በጆሮዋ ሰምታዋለች፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ ዓይኗን ከእሳቸው ላይ አንሥታ አታውቅም።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ በሰፈሩ ትምህርት ቤት ገብተው እስከ ስምንተኛ ክፍል ተማሩ። በሒሳብ ጎበዝ፣ በዝምታ ግን ዜሮ ነበሩ። አባታቸው ሲያርፉ ትምህርታቸውን አቋርጠው በከተማው የመናፈሻ ጽሕፈት ቤት አትክልት አጠጪ ሆነው ተቀጠሩ። የሣር ማጨጃውን የሚነዳ ሰው ጠፍቶ አለቃቸው ሲጨነቁ «እኔ ልሞክረው» ብለው ወጡበት፤ ጡረታ እስኪወጡም አልወረዱም። በዚያው መሥሪያ ቤት የቧንቧ ሠራተኛ ከነበሩት ባለቤታቸው ጋር ተጋብተው አንድ ወንድ ልጅ አፈሩ። ባለቤታቸው ቀድመዋቸው ባረፉ ጊዜ ልጃቸውን ይዘው ከታላቅ እህታቸው ቤት ገቡ። የዚያ ቤት መስኮት የቀድሞውን የአውቶቡስ ማደሪያ ቦታ ያሳያል። ነገሩ ሁሉ የመጣው በዚያ መስኮት ነው።

አውቶቡሶቹ ከተነሡ በኋላ ጽሕፈት ቤቱ ቦታውን ከውጭ የመጣ ሣር አልብሶት ነበር። ሣሩ እንደ ቅምጥል ልጅ ካላጠጡት ያኮርፋል፣ ቢያጠጡትም አይጠግብም። ውሃ በጠፋበት ዓመት ደርቆ እንደ አሮጌ ምንጣፍ ተላጠ። እህታችን ግን ማጨጃው በማይደርስበት በአጥሩ ሥር፣ አገር በቀሉ ሣርና የዱር አበባ ማንም ሳያጠጣው ለምልሞ ንብ ሲርመሰመስበት አዩ። ለአለቃቸው «ይህን መሬት የበደልነው እኛ ነን፤ የራሱን ልብስ እንመልስለት» አሏቸው። አለቃቸው ስቀው ፈቀዱ። ከዚያ ወዲያ ከየመንገዱ ዳር ዘር እየለቀሙ ኮሪደር ላይ ማስጣት ሆነ። ታላቅ እህታቸው «ቤቴን ጎተራ አደረግሽው! ነገ ደግሞ አይጥ በሰልፍ ይገባልሻል» ስትላቸው፣ «አይዞሽ እታለም፣ አይጥ ከመጣ ጉጉትም ይመጣል» ይሏት ነበር። ማጽናናታቸው ነው እንግዲህ!

ክረምት እየተፈራረቀ ቦታው መስክ ሆነ። ቢራቢሮው መጣ፣ እንቁራሪቱ መጣ፣ ድርጭት በከተማ መሃል እንቁላል ጣለች። ጡረተኞች አግዳሚው ላይ ይቀመጣሉ፤ ከአቅራቢያው ሆስፒታል የምትመጣ አንዲት ነርስም ምሳዋን እዚያ ትበላለች። ግማሹ ሰፈር ወደደው፤ ግማሹ «ከተማ ገብተንም ከጫካ አልወጣን» እያለ አጉረመረመ። «የአረም ሚኒስትር» የሚለውን ስም ያወጣላቸው የሰፈሩ ፀጉር አስተካካይ ነው። «ሚኒስትር ከሆንኩ መኪናዬ የታለ?» ሲሉት፣ «ማጨጃው ምን አነሰዎት?» ይላቸዋል። ታላቅ እህታቸው ግን እባብ ፈርታ የልጅ ልጆቿን ያለ ቦት ጫማ ወደዚያ አትልክም፤ እሷ ራሷማ አንድ ቀን እንኳ እግሯን አስገብታበት አታውቅም ነበር።

እንዲህ ያለ መስክ በዓመት አንዴ፣ ዘሩ ከረገፈ በኋላ ይታጨዳል። እህታችን በመጀመሪያው ዓመት በሣር ሜዳ እንደ ለመዱት ከዳር እየዞሩ ወደ መሃል አጨዱት። መስክ ላይ ግን ነፍስ ያለው ሁሉ ከድምፁ እየሸሸ መሃል ይከማችና በመጨረሻ መሸሻ ያጣል። የመጨረሻዋን ቁራጭ ሲያጭዱ ምን እንዳዩ ለማንም አልተናገሩም፤ ያን ዕለት እህል አልቀመሱም። ከዚያ ወዲህ ሁልጊዜ ከመሃል ጀምረው ወደ ዳር ያጭዱ ነበር። ላሠለጠኑት ወጣት ሾፌርም «ምላጩ ሳይገባ እግርህ ይግባ» ብለው፣ መስኩን በእግሩ ዞሮ ሳያይ ሞተር እንዳያስነሣ አስማሉት።

ጡረታ ከወጡ በኋላ ልባቸው ይደክም ጀመር፤ ሐኪሙ ደረጃ እንኳ ከለከላቸው። በዚያው ሰሞን አዲሱ የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ፣ ቅሬታ በዛ ብለው፣ ድርጭቷ እንቁላል በታቀፈችበት ጊዜ መስኩ እንዲታጨድና የውጭ ሣር እንዲተከልበት አዘዙ። እህታችን ቢሯቸው ድረስ ሄደው «ጫጩቶቹ እስኪወጡ ብቻ» ብለው ለመኑ። «እማማ፣ ለወፍ ተብሎ ሥራ አይቆምም» ተባሉ።

የታዘዘው ቀን ደረሰ። ታላቅ እህታቸው ጠዋት ከገበያ ስትመለስ የማጨጃው ድምፅ ሰፈሩን ሞልቶታል። አልጋው ባዶ ነው። የወጥ ቤቱ ወንበርም የለም። በመስኮት ብታይ ማጨጃው ይዞራል፤ ያውም ከዳር! ሣሩ ደግሞ የተቀመጠ ሰው ይውጣል። ክው አለች። በነጠላ ጫማ ደረጃውን ወረደች።

«ኧረ አቁም! አንተ ልጅ፣ ሰው አለ! ሰው አለ እኮ!»

ሾፌሩ ጆሮውን ሸፍኗል፣ አይሰማም። ኃላፊው የመስኩ በር ላይ ቆመው ሰዓታቸውን ያያሉ። ማጨጃው ሌላ ዙር ጀመረ፤ የቆመው ሣር ጠበበ። ታላቅ እህታቸው እባብም ቢኖር ዘንዶም ቢኖር ብላ፣ ሻሿን ፈትታ እያውለበለበች ገባችበት። ቁመቷ አጭር ነውና ከሣሩ በላይ የሚታየው ሻሹ ብቻ ነበር። ማጨጃው ወደ እሷ ዞረ። ቀረበ። ምላጩ የሚያነሣው አቧራ ፊቷን ሲመታት፣ ቆመ።

ሾፌሩ ዘሎ ወርዶ ወደ መሃል ሮጠ። እህታችን ጎጆውን ከእግራቸው ሥር አድርገው ወንበራቸው ላይ ተቀምጠዋል። ከንፈራቸው ጠቁሯል።

«እትዬ! ልገድልዎት ነበር እኮ!» አላቸው።

«ምላጩ ሳይገባ እግርህ ይግባ አላልኩህም?»

«አጣደፉኝ፣ እትዬ…»

«እሷ ግን አልተጣደፈችም» አሉት፣ ከእንቁላሎቿ ላይ ያልተነሣችውን ድርጭት እያዩ። ከዚያም ወደ ታላቅ እህታቸው ቀና ብለው፣ «እታለም! ያለ ቦት ጫማ ገባሽ?» ብለው ሳቁ።

ሾፌሩ ቁልፉን ነቅሎ ለኃላፊው ሰጣቸውና «ከፈለጉ እርስዎ ይንዱት» አላቸው። ሲያጉረመርሙ የነበሩት ሳይቀሩ ሰፈርተኛው ሁሉ አጥሩን ይዞ ያያል። ኃላፊው ቁልፉን እያገላበጡ «እሺ፣ ዘሩ እስኪረግፍ ይቆይ፤ የውጭውን ሣር ነገር ከአጨዳው በኋላ እናያለን» አሉ።

ጫጩቶቹ እናታቸውን ተከትለው መንገዱን ሲሻገሩ እህታችን ከመስኮቱ ሆነው አዩ። ከዚያ በኋላ ግን ሕመሙ ጠናባቸው። በሆስፒታልና በቤታቸው ሲታከሙ ቆይተው ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት፣ በስድሳ ስምንት ዓመታቸው፣ መስኮቱ እንደ ተከፈተ ዐረፉ። አንድ ልጃቸውን ከነባለቤቱ፣ ታላቅ እህታቸውንና የእሷን የልጅ ልጆች፣ እንዲሁም እንደ ልጅ ያሠለጠኑትን ሾፌር ትተው ሄደዋል።

ዘሩ ረግፏል፤ አጨዳው የፊታችን ቅዳሜ ነው። ከዚያ ወዲያ መስኩ ይቆይ አይቆይ ገና አልታወቀም። ኃላፊው ዛሬ እዚህ አብረውን ቆመዋል፤ ስለ መጡልን እናመሰግናለን፣ የቀረውን ልባቸው ያውቃል። ቅዳሜ ሾፌሩ ከመሃል ይጀምራል። ከምላጩ በፊት በእግሯ የምትገባው ታላቅ እህታቸው ናት። ቦት ጫማ ተገዝቶላታል።

መሬትን ያሳረፉ እጆቻቸውን መሬት ታሳርፋቸው። ነፍሳቸውንም ፈጣሪ መሸሻ በማያሳጣ ሰፊ መስክ ይቀበልልን።